የቤት ቁጥር ያለቀበት ከተማ

የወሩ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አነስተኛ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ዝርዝሩ ኮምፒውተር ላይ ተሠርቶ አልቋል፤ ፕሪንተሩ ግን እምቢ አለ። ከሂሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ እስከ ፕሪንተሩ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ገመዱ ተሰክቷል፣ መብራቱም በርቷል።

«ልጄ፣ ዛሬ ካልታተመ ሰው ነገ ደመወዝ አያገኝም» አሉት ሴትየዋ፣ የተጠራውን የኔትወርክ ባለሙያ።

ልጁ ትንሽ ነካክቶ ቀና አለ። «አይዞዎት እትዬ፣ ፕሪንተሩ አልተበላሸም። ኮምፒውተርዎ ጎረቤቱ መሆኑን አላወቀም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኔትወርክ ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሁለት ነገር ይዟል፤ ቀበሌና የቤት ቁጥር እንደማለት። ቀበሌው የት አልቆ የቤት ቁጥሩ የት እንደሚጀምር የሚናገረው ሰብኔት ማስክ ነው። 255.255.255.0 ከተባለ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ቀበሌ፣ የመጨረሻው የቤት ቁጥር ነው። በአንዱ ቀበሌ 256 ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ለቀበሌው መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም በአንዴ ለሚተላለፍ መልእክት ስለሚያዝ ለዕቃዎች 254 ይቀራል።

የሴትየዋ ኮምፒውተር 192.168.1.20፣ ፕሪንተሩ 192.168.1.200 ነበር። ቀደም ብሎ ኮምፒውተሩን የነካ ሰው ግን ማስኩን 255.255.255.128 አድርጎት ሄዷል። ይህ ቀበሌውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከ0 እስከ 127 አንድ፣ ከ128 እስከ 255 ሌላ። ከቀበሌ ውጭ ላለ ዕቃ ደግሞ በራውተር በኩል መውጣት ግድ ነው። የሂሳቡ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት እንዲርቅ ተብሎ መውጫው አልተሞላለትም። እናም ሦስት እርምጃ ላይ ያለው ፕሪንተር ባሕር ማዶ ሆነበት። 128 ወደ 0 ሲቀየር ወረቀቱ መውጣት ጀመረ።

ቁጥርን ማን ይከፍላል፣ ድንበሩንስ ማን ያሰምራል የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ ቢሮ ይሰፋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሠራሩ ሲደነገግ ለአድራሻ 32 ቢት ተመደበ። በድምሩ 4.29 ቢሊዮን ገደማ ቁጥር ማለት ነው። የማያልቅ መስሎ ነበርና እንደ ልብ ታደለ። ኤምአይቲ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ 16.7 ሚሊዮን ያህል ያዘ። የሚታደለው በሦስት መጠን ብቻ ነበር፤ 256፣ 65,536 ወይም 16.7 ሚሊዮን። 300 ቁጥር ለሚበቃው ድርጅት 256 ስለሚያንሰው 65,536 ይሰጠው ነበር። በ1993 እንደ ፍላጎት ቆርሶ መስጠት ተጀመረ፤ ሰፊው ይዞታ ግን አስቀድሞ ተይዟል። የካቲት 2011 (እ.ኤ.አ.) ከማዕከል የሚታደለው ቁጥር አለቀ።

ከአምስቱ አህጉራዊ አዳዮች መጨረሻ የተቋቋመው ሞሪሺየስ ያለው የአፍሪካው አፍሪኒክ ነው። ዘግይቶ መጥቶ ያገኘውንም በወጉ መጠበቅ አቃተው። በ2019 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቁጥሮች ያለአግባብ ከእጁ መውጣታቸው ተጋለጠ። በ2021 ከአንድ ባለ ብዙ ቁጥር ኩባንያ ጋር በገባው ሙግት የባንክ ሂሳቡ በፍርድ ቤት ታገደ፤ በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤት አስተዳዳሪ ሾመበት። ቁጥር ምን ያጣላል ለሚል፣ አማዞን በ2019 ለ4 ሚሊዮን ገደማ ቁጥሮች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል።

ቁጥር ያነሰው የስልክ ኩባንያ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ያወጣል። አንዱ አጭበርብሮ አድራሻው ሲታገድ ሌላውም አብሮ ይቀጣል። «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» የሚለው ጥያቄ የሚደጋገምበት ሰው፣ ምናልባት የማያውቀው የጎረቤት ዕዳ እየከፈለ ይሆናል።

መውጫው ይታወቃል። አይፒቪ6 128 ቢት አለው፤ ቁጥሩም ለሁሉም ተርፎ ይቀራል። ዕቃና አገልግሎት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች ጨረታቸው ላይ ግዴታ ቢያደርጉት፣ የስልክ ኩባንያዎችም ሳይጎተቱ ቢሸጋገሩ፣ ያለቀ ቁጥር በዶላር ከመለመን ይድናል። አህጉሪቱ ድሮ ሲታደል አልደረሰችም፤ አሁን የቀረበውን ካላነሳች ግን የሚወቀስ ሌላ አካል የለም።

ሴትየዋ ወረቀቱን እየሰበሰቡ «ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?» ብለው ነበር።

«ማስኩን የሞላው ሰው ነው፣ እትዬ። ከዚያ በኋላ ግን ማንም ገልጦ አላየውም።»