ሎንቺናዋ ገደል አፋፍ ላይ

ያኔ አንድ ብር ወረቀት ነበር፤ በፊቱ የልጅ ምስል፣ በጀርባው ጢስ ዓባይ ከነወፎቹ። ያቺን ብር ላብ እስኪያርሳት ጨብጠን ፍኖተ ሰላም ቪዲዮ ቤት በር ላይ እንጋፋለን። በጢስ ዓባይ ከፍሎ የጣሊያኗን ቶሪኖ ማየት! ዛሬ ብሩ ሳንቲም ሆኗል፣ ፊልሙ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ቪዲዮ ቤቱም የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። ደስታው ግን እስካሁን አልወጣልኝም።

ቪዲዮ ቤት ሳያውቅ ላደገ ልንገረው። የጭቃ ቤት ነው፤ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዷል፣ አግዳሚው ከግንድ ተጠርቧል፣ ቴሌቪዥኑ ቆጥ በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጧል። የዕለቱ ፊልም በር ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ድምፅ ማጉያው ወደ መንገድ ስለሚዞር ብር የሌለው ልጅ ውጭ ቆሞ በጆሮው ፊልም ያያል። የገበያ ቀን ከጃቢ ጠህናን ገጠር ዶሮና እንቁላል ሸጠው የሚመለሱ ልጆችም ዱላቸውን በር ላይ አስረክበው ይገባሉ። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነበር፤ ተገቢ ክልከላ ነው፣ ቦሱን ለመምታት የሚነሳ አይጠፋምና።

ሕጉን ሁላችንም እናውቀዋለን። አክተር አይሞትም፤ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ራምቦም፣ ቫን ዳምም፣ ጃኪ ቻንም በዚሁ ሕግ ይኖራሉ። ሕጉን ከጥንስሱ ያፈረሰው «ዘ ኢታሊያን ጆብ» ነው፤ ያውም አሮጌው፣ በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዞች ፊልም። መጀመሪያ የመጣልን በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካኖቹ እንደገና የሠሩት ነበር፤ ማርክ ዋልበርግና ሻርሊዝ ቴሮን ያሉበት። ጥሩ ነበር፣ አጨበጨብን፣ ወደየቤታችን ሄድን። በኋላ ግን የቪዲዮ ቤቱ ጌታ «አባቱ ደግሞ መጥቷል» ብሎ አሮጌውን አስገባ።

ሲጀምር ብርቱካናማ ላምቦርጊኒ ሙዚቃ እየተከተላት የአልፕስን ተራራ በለስላሳው ትጠማዘዛለች። ነጂው መነጽር አድርጓል፣ ሲጋራ ለኩሷል። «ይኼ ነው አክተሩ» ተባባልን። መኪናዋ ዋሻ ውስጥ ገባች፤ ሰውዬውም እዚያው አለቀለት። ቤቱ ተናወጠ! አክተሩ ገና ሳይጀመር ሞተ! «ብራችንን መልሱ» ያለም ነበር። ከፊት አግዳሚ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ የሚያቀብለን የትምህርት ቤታችን ቲቸር ብድግ ብሎ «ቆዩ፣ ቆዩ! እውነተኛው አክተር ገና ከእስር ቤት ሊወጣ ነው» ባይለን ኖሮ ፊልሙ በዚያው ይቀር ነበር።

የወጣውም ማይክል ኬን ነው። ቻርሊ ክሮከር የሚባል አጭበርባሪ፤ ሱፍ ለባሽ፣ አፈ ቅቤ፣ ሽጉጥ የማይወድ ሌባ። ዕቅዱን ያሰበለት ያ ዋሻ ውስጥ የሞተው ሰው ነው። ለፊያት ኩባንያ የሚላክ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ወርቅ ቶሪኖ ከተማ ሲደርስ መብራቱንና መንገዱን ሁሉ አደናግሮ መዝረፍ፤ ከዚያ በሦስት ትንንሽ ሚኒ ኩፐር፣ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ፣ ከጭንቅንቁ ማምለጥ። አለቃቸው ሚስተር ብሪጀር ደግሞ እስር ቤት ተቀምጦ ሁሉን የሚያዝ፣ ንግሥቲቱን እንደ ታቦት የሚያከብር ሽማግሌ ነው፤ ኖኤል ካዋርድ የሠራው። ይህን ሽማግሌ በጣም ወደድነው። ታስሮ የሚከበር ሰው ለጎጃም ልጅ እንግዳ አይደለም።

እንግዲህ ሚኒዎቹ ደረጃ ሲወርዱ፣ በሱቆች መተላለፊያ ሲሽሎከሎኩ፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ሲዘሉ የነበረውን ጩኸት እንዴት ልግለጸው! በመኪና ያልሄደ ልጅ እንኳ በአግዳሚው ላይ መሪ ያዞራል። ፊያት ፋብሪካ ጣሪያ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ከኋላ የተቀመጡት የጭነት መኪና ሰዎች አበዱ። ሊንጎቶ የሚባለው ፋብሪካ ጣሪያው ላይ መኪና የሚፈተንበት መንገድ አለው፤ ያ የፊልም ፈጠራ አይደለም፣ በእርግጥ አለ። «የኤንትሬ አገር!» እያሉ ጮኹ። ያን ጊዜ ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው ያው ፊያት ኤንትሬ ነበርና የተወለደበትን ከተማ እያዩ ነው። የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ማይክል ዲሊ እንደተናገረው፣ የፊያቱ ጌታ ጂያኒ አኜሊ በሚኒ ፋንታ በፊያት ብትሠሩት የፈለጋችሁትን ያህል መኪና እሰጣለሁ ብሎ ነበር። እንግሊዞቹ እምቢ አሉ፤ እሱም አልተቀየመም፣ ከተማዋን ከፈተላቸው። ይኼን የሰማሁ ዕለት ለሰውየው ያደረብኝ ፍቅር እስከ ዛሬ አለ።

ቡሬ ያሉት አያቴ ፊልሙን አላዩትም፤ እኔ ነኝ ከነእንቅስቃሴው የነገርኳቸው። አባባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሙና «ታዲያ ይኼ ምን ይገርማል? እንግሊዝ ጣሊያንን እዚሁ ቡሬ አታሎት የለም?» አሉኝ። እሳቸው በ1933 እረኛ ነበሩ። በዚያ ዓመት ኦርድ ዊንጌት የሚባለው እንግሊዛዊ መኮንን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ የሰየመውን፣ ሁለት ሺህ የማይሞላ የሱዳንና የኢትዮጵያ ወታደር ይዞ በግመል በበለያ በኩል መጣ። ስሙን የወሰደው በ300 ሰውና በማሰሮ ችቦ ምድያማውያንን ካባረረው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጌዴዎን ነው። ቡሬ ምሽግ ውስጥ የነበረው የጣሊያን ጦር በሺዎች ይቆጠር ነበር። ዊንጌት ሌሊት እየተኮሰ፣ ከየአቅጣጫው እየታየ፣ ብዙ መስሎ ከረመ፤ ጣሊያኖቹም በየካቲት መጨረሻ ምሽጉን ለቀው ወጡ። «ግን» ይላሉ አባባ ጣታቸውን አንስተው፣ «አርበኞቹ እነ ደጃች ነጋሽና እነ ደጃች መንገሻ ጀምበሬ አስቀድመው መተንፈሻ ባያሳጡት ኖሮ በማታለል ብቻ አይወጣም ነበር። ይኼንንም ፊልም አድርጉት።» እኔም እላለሁ፤ ይደረግ! ግመሉ፣ ጨለማው፣ ጥቂቱ ሰው ብዙ መስሎ መታየቱ፣ ሁሉም ለሳቅም ለደስታም የተመቸ ነው። እኛ አገር የሚስቅ የጦር ፊልም ለምን አይኖርም?

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ እሱ ነውና። ሌቦቹ ወርቁን ይዘው በትልቅ ሎንቺና ተራራ ሲወጡ ይዘፍናሉ፣ ቢራ ይራጫሉ፤ ሹፌሩም ፍጥነት ይጨምራል። አንድ ኩርባ ላይ መኪናዋ ተንሸራታ ግማሽ አካሏ ገደል ላይ ተንጠለጠለ። ወርቁ በኋላ፣ ሰዎቹ በፊት። ሰው ወደ ወርቁ አንድ እርምጃ ሲጠጋ ወርቁም አንድ ስንዝር ወደ ገደሉ ይሸሻል። ክሮከር «አንድ ሐሳብ አለኝ» ይላል፤ ካሜራው ወደ ሰማይ ይርቃል፤ ፊልሙ ያልቃል።

አለቀ! በዚያው!

እንግሊዝ አገር ሲኒማ የገባ ሰው ስቆ ወጥቶ ይሆናል። ፍኖተ ሰላም ግን ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ተነሥቶ ቆመ። ምክንያቱም እኛ ያቺን ሎንቺና እናውቃታለን። ከጎሃጽዮን ወርደን ደጀን የወጣን ሁሉ አንዴ በውስጧ ተቀምጠናል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ጣሊያን የቀየሰው ጠመዝማዛ፣ የፍሬን ሽታ፣ እናቶች እያማተቡ ጊዮርጊስን ሲጠሩ፣ ረዳቱ ታኮ ታቅፎ በር ላይ ተንጠልጥሎ። ዓባይ በረሃን የሚያውቅ ሰው ያንን ትዕይንት እንደ ቀልድ ሊያየው አይችልም፤ ዓለም ላይ ያን ፍጻሜ ከእኛ የበለጠ የተረዳው ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

«ታኮ! ታኮ ጣሉላት!» ብሎ የጮኸው የደብረ ማርቆስ መስመር የሎንቺና ረዳት ነበር። ክርክሩ በር ላይ ቀጠለ፣ ጠላ ቤት ገባ፣ በማግስቱ ትምህርት ቤት ደረሰ። ቲቸር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሚዛን ሥሎ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜውን በሙሉ በላበት። ረዳቱ ግን ሥዕል አላስፈለገውም፦ «ነዳጁን አፍስሱት፣ ሮቶው በኋላ ነው ያለው። የፊት ጎማውን አየር አስተንፍሱ፣ እንዳትናጥ። ከዚያ ቀላሉ ሰው ይውረድና ድንጋይ እየለቀመ በፊት ይጫን። ወርቁ የት ይሄዳል?»

በ2001 ዓ.ም. የእንግሊዝ የኬሚስትሪ ንጉሣዊ ማኅበር ፊልሙ 40 ዓመት የሚሞላበትን ዘመን አስታኮ «ሰዎቹንም ወርቁንም ያለ ሄሊኮፕተር አድኑ» የሚል ውድድር አወጣ። ያሸነፈው መልስ የኋላ መስኮት ይሰበር፣ የፊት ጎማ ይተንፍስ፣ ነዳጅ ይፍሰስ፣ አንድ ሰው ይውረድና ድንጋይ ይጫን የሚል ነበር። ዜናውን ሳነብ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። መስኮቱ ብቻ ነው የቀረው! ማይክል ኬን ደግሞ የታሰበውን ቀጣይ ክፍል ተናግሮታል፤ ሞተሩን አስነሥተው ነዳጁ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፣ መኪናዋ ስትቀል ሰዎቹ ይወጣሉ፣ ወርቁ ግን ገደል ገብቶ ታች የሚጠብቁት ማፊያዎች ያፍሱታል። እኔ ይኼኛውን አልቀበልም። ያ ሁሉ ድካም ለማፊያ!

ፊልሙ አሜሪካ ሲገባ አልቀናውም ነበር፤ መትረየስ የያዘ ወሮበላ ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎለት ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ ገባ። አገሩ እንግሊዝ ግን እየዋለ እያደረ ተወደደ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የፊልም ተቋም ባወጣው የ100 ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር 36ኛ ሆነ። እኔ ብጠየቅ ከአሥሩ አላወጣውም።

ማይክል ኬን በ90 ዓመቱ ከትወና መሰናበቱን የተናገረ ሰሞን፣ ጥቅምት 2016፣ የቪዲዮ ቤቱ ልጆች በቴሌግራም ተጠራርተን ያንኑ ክርክር እንደ አዲስ ጀመርነው። ዋሽንግተን ያለው «ሹፌሩ መጀመሪያ መባረር ነበረበት» ይላል፤ ጅዳ ያለችው ወርቁን በገመድ ስባ ጨርሳለች። ረዳቱ ዛሬ የራሱን አውቶቡስ ይነዳል፤ ዓባይን የሚሻገረው በጃፓኖች ርዳታ በተሠራው ሰፊ ድልድይ ነው። ደውዬ የእንግሊዞቹን ውድድር ነገርኩት።

«እሰይ! ድንጋይ ጫኑ አላልኩም?» አለኝ። «ሽልማቱስ ምን ነበር?»

«ቶሪኖን መጎብኘት።»

«በምን ሊወስዱት?» አለ እየሳቀ፣ «በሎንቺና ከሆነ እኔ ነኝ ሹፌሩ!»