የእንግዳችን ሒሳብ

ይህን የምንጽፈው ለመናዘዝ እንጂ ለመምከር አይደለም። ድንገት ምክር ቢያመልጠን ግን አንባቢ ይቅር ይበለን፤ በእንደዚህ ያለ መጽሔት ላይ ብዕሩን ያነሣ ተማሪ ሳይመክር ያስቀመጠበት ጊዜ የለምና።

ሦስት ጓደኛሞች ነን። በስድስት ኪሎ አንድ የመኝታ ክፍል፣ ብዙ ጊዜም አንድ ኪስ ነው ያለን። በ2016 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ አንድ ኬንያዊ ተማሪ ለወጣቶች ስብሰባ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነበርና፣ በሰው በሰው ተዋውቀን ከተማውን ልናሳየው ቃል ገባንለት። ስብሰባው የሚደረገው በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ሲሆን፣ ማደሪያው ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ነበር። ስብሰባው ባለቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ እኛ ዘንድ መጣ፤ በግቢያችን ያለውን ቤተ መዘክር አሳየነው፤ ከዚያም አራታችን በእግራችን ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎም ወደ ካዛንቺስ ወረድን።

በመንገድ ላይ አፋችን አላረፈም። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ መሆኑን፣ «ካዛ» ማለት ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣልያን ድርጅት ምኅጻረ ስም መሆኑን ነገርነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. መመረቁን፣ በውስጡ ያለው ባለ ቀለም የመስተዋት ሥራ የአፈወርቅ ተክሌ መሆኑን፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህ ከተማ መቋቋሙን አንድ በአንድ ዘረዘርንለት። ከሦስታችን ነገር የሚያሳምረው ጓደኛችን በመጨረሻ እጁን ዘርግቶ፣ «ስለዚህ ይህ ከተማ ያንተም ከተማ ነው፤ እዚህ እንግዳ አይደለህም» አለው። እንግዳችን ደስ አለው። እኛም በራሳችን ደስ አለን።

በዚህ ደስታ ላይ ሳለን አንድ ምግብ ቤት ገባን። ስሙን አንጠራም፤ የምንከሰው ምግብ ቤቱን አይደለምና።

እንግዳችን አስቀድሞ «ዛሬ የምከፍለው እኔ ነኝ» ብሎ ምሎ ነበር። እንግዳ ሲጋብዝ ማየት ለአገሩ ልጅ ነውር መሆኑን አናጣውም። ይሁን እንጂ ወሩ ወደ ማለቂያው ተቃርቦ ስለ ነበር፣ ሁለት ጊዜ «ኧረ አይሆንም» ካልን በኋላ ሦስተኛውን ሳንል ቀረን።

መልኩ ከእኛ አይለይም። ስለዚህ አስተናጋጁ፣ ዕድሜው ከእኛ የማይበልጥ ልጅ፣ «እንዴት ዋላችሁ?» ብሎ በአማርኛ የተጻፈውን የምግብ ዝርዝር በአራታችንም ፊት አኖረ። እንግዳችን በእንግሊዝኛ አመሰገነ። ያን ጊዜ የልጁ ዐይን ተለወጠ። ዝርዝሩን ከፊቱ በትሕትና አነሣና ቆዳ የለበሰ ሌላ ዝርዝር አምጥቶ በሁለት እጁ ሰጠው። ይህኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው።

አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛችን ሁለቱን ጎን ለጎን አየ። በአማርኛው ጥብስ 320 ብር፣ በእንግሊዝኛው 650። በአማርኛው ሽሮ 130፣ በእንግሊዝኛው 280። አምቦ ውሃ እንኳ ከአንድ ጉድጓድ ወጥቶ በአማርኛ 45፣ በእንግሊዝኛ 90 ነበር። ጓደኛችን በጉልበቱ ነካን፤ እኛም አየን። አስተናጋጁ ማየታችንን አየና ጎንበስ ብሎ በአማርኛ፣ «አታስቡ ወንድሞቼ፤ እናንተንም እናያችኋለን» አለን።

እኛም ዝም አልን።

ሁለት ጥብስ፣ ሁለት ሽሮና አራት አምቦ ውሃ ቀረበ። ጥሩ ምግብ ነበር፤ መዋሸት አያስፈልግም። ሒሳቡ የመጣው በብጣሽ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ነው፤ 2,220 ብር፣ በላዩም «የአገልግሎት» ተብሎ 222 ብር፣ በጠቅላላው 2,442። በአማርኛው ዝርዝር ቢሆን ኖሮ 1,080 ብር ነበር። እንግዳችን ቆጥሮ ከፈለ። ስንወጣ አስተናጋጁ ከኋላ ተከትሎ ከሦስታችን ለአንዱ የታጠፈ 200 ብር አስጨበጠውና «ለታክሲ» አለው።

መሽቶ ስለ ነበር እንግዳችንን እስከ ቂርቆስ በታክሲ አደረስነው። ታክሲውን የከፈልነው በዚያው 200 ብር ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ ይበሉ፤ እንግዳችንን በራሱ ገንዘብ አሳፈርነው፤ እርሱም ከልቡ አመሰገነን፤ እኛም «ምንም አይደል» አልን።

በማግሥቱ ጠዋት ልንሸኘው ሄድን። እርሱ ግን ቀድሞን ተነሥቶ ሰፈሩን ሲዞር ቆይቷል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ጠባብ ቤት ገብቶ ሽሮ መብላቱን፣ ዋጋው በግድግዳ ላይ በጠመኔ 120 ተብሎ መጻፉን፣ ባለቤቲቱ እንግሊዝኛ ባይችሉም ወጥ እንደ ጨመሩለትና በእጃቸው እንዳጎረሱት ነገረን። ስለ ዋጋው ምንም አላለም። ሻንጣውን አንሥቶ ብቻ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ትናንት ማታ ያ አስተናጋጅ ጎንበስ ብሎ በቋንቋችሁ ምን አላችሁ?»

«እንኳን ደኅና መጣህ እያለህ ነው» አልነው።

ፈገግ ብሎ «እናንተን ነበር የሚያየው» አለና ታክሲ ውስጥ ገባ። ከሄደ በኋላ ነው ቁጥሩ በሁለቱም ዝርዝር በአንድ ዓይነት አኃዝ የተጻፈ መሆኑ ትዝ ያለን። ፊደላችንን ባያውቅ 320ን ከ650 ለመለየት ፊደል አያስፈልገውም።

ለምን ዝም እንዳልን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። መጀመሪያ ያቀረብነው ሰበብ ይሉኝታ ነበር፤ በእንግዳ ፊት በሒሳብ መጣላት አያምርም አልን። ነገር ግን መጣላት አላስፈለገም፤ «ወንድም፣ አንዱን ዝርዝር ብቻ አምጣልን» ማለት ይበቃ ነበር። ሁለተኛው ሰበብ «እርሱ አበል ተከፍሎት የመጣ ነው፤ ምን ይጎዳዋል» የሚል ነበር። ዶላርን አስበን በቁጥር ማካፈል ጀመርን። ይሁን እንጂ ሰውየው እንደ እኛው በመኝታ ክፍል የሚኖር ተማሪ ነው፤ ሀብታም ቢሆንስ ኖሮ የሀብታም ገንዘብ ባለቤት የለውም ያለ ማን ነው? ሦስተኛውን ሰበብ ለመናገር ብዙ ቀን ፈጀብን። እርሱም የታጠፈው 200 ብር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «መንግሥት ራሱ ለውጭ ሰው ሌላ ዋጋ ያስከፍል የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ላሊበላን ለማየት የሚመጣ የውጭ አገር ጎብኚ ለዓመታት 50 ዶላር ሲከፍል ኖሯል። ነገር ግን ያ ዋጋ የታወቀ ነው፤ ትኬት አለው፤ ጎብኚው ከአገሩ ሳይነሣ ሊያውቀውና «ውድ ነው፣ እቀራለሁ» ሊል ይችላል። በካዛንቺሱ ገበታ ላይ የነበረው ግን እንግዳው እንዳያውቀው የተደረገ ዋጋ ነው። የዋጋ መለያየት አንድ ነገር ነው፤ መደበቁ ሌላ ነገር ነው።

ደግሞም ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ አይደለም። በጥር 2010 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቬኒስ ከተማ አራት ጃፓናውያን ተማሪዎች ስቴክ፣ የተጠበሰ ዓሣና ውሃ ቀርቦላቸው ከ1,100 ኤውሮ በላይ ተጠየቁ። ከፈሉና ወደ ቦሎኛ ተመልሰው ለፖሊስ አመለከቱ፤ ወሬው ዓለምን ዞረ፤ ምግብ ቤቱም ተቀጣ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ በቻይና በቺንግዳዎ ከተማ አንድ ጎብኚ 38 ዩዋን የሚል ዋጋ አይቶ ሽሪምፕ አዘዘ። ከበላ በኋላ «38ቱ ለሳሕኑ ሳይሆን ለእያንዳንዷ ነው» ተባለና ከ1,500 ዩዋን በላይ ተጠየቀ። ይኸኛው የውጭ አገር ሰው እንኳ አልነበረም፤ ከሌላ ክፍለ አገር የመጣ ቻይናዊ ነው። የሻንዶንግ ክፍለ አገር ራሷን «እንግዳ ተቀባይ» እያለች ስታስተዋውቅ የኖረችበት መፈክር በአንድ ሳሕን ሽሪምፕ መሳለቂያ ሆነ። እኛስ ከእንግዳ ተቀባይነት ሌላ በዓለም ፊት የምንኮራበት ስንት ነገር አለን? «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» ያለን መንገደኛ እግሩን አጥበው የሚያሳድሩ ሰዎች ልጆች ነን እንላለን። እግሩን ማጠቡ ቀርቶ ኪሱን ማጠብ ከጀመርን መፈክራችን ብዙ አይቆይም።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያመለክት ያዛል። ሸማች ይላል እንጂ የየት አገር ሸማች ብሎ አይጠይቅም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያሉት እናት አዋጁን አንብበውት እንደ ሆነ አናውቅም፤ በጠመኔ ግን ፈጽመውታል።

ስለ አስተናጋጁም ፍርድ እንዳናጎድል እንፈራለን። ልጁ ደመወዙ ትንሽ መሆኑ፣ ኑሮው በጉርሻ መሆኑ አይጠፋንም፤ ሁለቱን ዝርዝር ያሳተመውም እርሱ አይደለም። እኛ ግን የተማርን ነን። በየጊዜው የሚታተሙ የአገር ጎብኚ መመሪያ መጻሕፍት፣ አዲስ አበባ ውስጥ «ተማሪ ነኝ» እያለ የሚቀርብ፣ የባህል ጭፈራና ጠጅ ላሳይህ ብሎ ወደ አንድ ቤት የሚወስድ፣ በመጨረሻም ጉድ የሚያሰኝ ሒሳብ የሚያስከፍል ወጣት እንዳለ ያስጠነቅቃሉ። ይህን ስናነብ «ስማችንን አጠፉት» ብለን እንቆጣ ነበር። እነዚያ ተማሪ ሳይሆኑ ተማሪ ነን ይላሉ፤ እኛ ግን በእውነት ተማሪዎች ነበርን። ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዕዳችን እንመለስ። እንግዳችን ያለ አግባብ የከፈለው 1,362 ብር ነው፤ ለሦስት ሲካፈል ለእያንዳንዳችን 454 ብር ይደርሰናል። በዚያ ጊዜ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ስለ ነበር፣ ዕዳው 24 ዶላር ያህል ነበር። እንልካለን አልን፤ ፈተና ደረሰ፤ ከፈተና በኋላ አልን፤ ክረምት ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዓመቱ ሳያልቅ አንዱ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ። 1,362 ብራችን ከ14 ዶላር በታች ወረደ። ከሦስታችን አንዱ፣ ስሙን ብንጠራ ይቀየመናል፣ «እንዲያውም ዕዳው ቀለለልን» ብሎ ሳቀ። ማናችንም አብረን አልሳቅንም። ዝም ያለ ሰው ዕዳው እንዲህ እየቀለለለት ከሄደ ቶሎ ለመናገር ምን ይገፋፋዋል? እንግዳችን የመነዘረው ዶላር ነውና፣ የምንመልሰው 24 ዶላሩን እንዲሆን ተስማማን።

ምግብ ቤቱ ድረስ ሄደን ባለቤቱን ለማነጋገርም አስበን ነበር። ዘገየን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አሮጌው መንደር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ያ ቤትም አብሮ ሄደ። ባለቤቱ ወዴት እንደ ተዛወረ፣ አስተናጋጁ የት እንደ ተቀጠረ አናውቅም። በቦታው ቆመን ስንመለከት ገበታችን የነበረበትን እንኳ መለየት አቃተን። የምንወቅሰው ሁሉ ሲጠፋ የቀረነው እኛ ነን።

እንግዲህ ምክሩ እንዳይቀር፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይዛችሁ ምግብ ቤት ስትገቡ ሦስት ነገር አድርጉ። አንድ ዝርዝር ብቻ ለሁሉም ይምጣ በሉ። ሒሳቡ በብጣሽ ወረቀት ሳይሆን በደረሰኝ ይሁን በሉ። አስተናጋጁ በአማርኛ የነገራችሁን ሁሉ ለእንግዳው እዚያው ተርጉሙለት። ሦስተኛውን ከፈጸማችሁ ሁለቱ አያስቸግሯችሁም።

እኛም ይኸን ጽሑፍ ከማስረከባችን በፊት ለእንግዳችን ደብዳቤ ጽፈናል። አስተናጋጁ ያለንን ቃል በቃል ተርጉመንለታል፤ የታክሲውንም 200 ብር አልደበቅንም። ገንዘቡን በሚመጣው ወር ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አንድ የግቢያችን ሰው ይዞለት ይሄዳል። መልስ ቢጽፍልን በዚሁ መጽሔት ላይ ለማውጣት ፈቃዱን እንጠይቃለን። ባይጽፍልን አንቀየምም።