ከቀለበቶቹ አንዱ አንተ ነህ

ወንድምዓለም፣



እሑድ ስልኩን ከዘጋን በኋላ የቀዳሁት ቡና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። አንተ ትዝ አይልህ ይሆናል። ስለ መኪናው ኢንሹራንስ ስታጫውተኝ ቆይተህ በመሃል፣ «ይሄ ቼይን ማይግሬሽን የሚሉት ነገር ግን መቆም አለበት» አልክ። ወዲያው ወደ ትንሿ ልጅህ ትምህርት ቤት ወሬ አለፍክ። እኔ ግን እዚያው ቀረሁ።

አልተቆጣሁህም፣ የኔ ጌታ። ብቆጣ ያኔውኑ በስልክ እጨርሰው ነበር። ደንግጬ ነው። ያ ቃል ያንተ አይደለም። በአማርኛ እያወራን ሳለ በእንግሊዝኛ የወጣው ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ መኪናህ ውስጥ ከሚለፈልፈው ሬዲዮ ወጥቶ፣ ሳታውቀው አፍህ ውስጥ ገባ።

እስቲ ቃሉን ለጊዜው ተወውና ነገሩን አስበው። በ2002 እንደ ፈረንጅ፣ ዜጋ በሆንኩ በወሩ ፎርም ሞላሁልህ። እማዬ በየበዓሉ ስደውል ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ጠሩት ወይ?» ትለኝ ነበር። 13 ዓመት ጠየቀችኝ። በ2016 ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ ከበሩ ስትወጣ ጸጉርህ ሸብቶ ነበር። እኔ ጥዬው የመጣሁት ልጅ ጥቁር ጸጉር ነበረው። ያን ቀን የሆነውን ምን ብለን ነበር የጠራነው? ተገናኘን ነው ያልነው። የሬዲዮው ሰዎች «ቼይን» የሚሉት እሱን ነው። ሰንሰለት። ከቀለበቶቹ አንዱ አንተ ነህ፤ ሌላዋ እኔ ነኝ።

የኢሚግሬሽን ሕጉን በሥራዬ ስንት ጊዜ አስተርጉሜዋለሁና ስማኝ። በ1965 ሲወጣ ከዋና ዓላማዎቹ አንዱ ቤተሰብን ማገናኘት ነበር። አንድ ዜጋ ማመልከት የሚችለው ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጆቹ፣ ለወላጆቹና ለወንድም እህቶቹ ነው። ለአክስት የለም። ለአጎት ልጅም የለም። ለወንድምና ለእህት የተመደበው ቪዛ ከነቤተሰቦቻቸው ለዓለም ሁሉ በዓመት 65,000 ነው፤ ያን ያህል ዘመን ያስጠበቀህም ይኸው ነው። ቃሉን ቀድሞ የሚጠቀሙበት ስደትን የሚያጠኑ ምሁራን ነበሩ፤ ያኔ ክፋት አልነበረበትም። በጃንዋሪ 2018 ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ በኮንግረስ ፊት ቆመው፣ በዚህ መንገድ አንድ ስደተኛ ቁጥር ስፍር የሌላቸው የሩቅ ዘመዶችን ሊያመጣ ይችላል አሉ። ያን የሰማ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት ማለቂያ የሌለው ሰልፍ ነው። ስልክ ጠብቃ የምትኖር አንዲት እናት አትታየውም።

እኔም ጥፋት አለብኝ። እሑድ ስመልስልህ «ሰንሰለት አይደለም፣ ምኑ ነው ሰንሰለት፣ ማን ነው ሰንሰለት ያለው» እያልኩ ቃሉን ደጋገምኩት። ጆርጅ ሌኮፍ የሚባል የበርክሌይ የቋንቋ ሊቅ ለዴሞክራቶች በ2004 መጽሐፍ ጽፎላቸው ነበር። ርእሱ ዝሆንን አታስብ የሚል ነው። እንዲህ የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዝሆኑን ነው። እኔም «ሰንሰለት አይደለም» ባልኩህ ቁጥር ብረቱን ይበልጥ አጠበቅሁት። ለዚህ ነው ዛሬ በስልክ ሳይሆን በወረቀት የመጣሁብህ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ትለን ነበር እማዬ። ለፖለቲካ ስም የሚያወጡት ግን ደመወዝተኞች ናቸው፣ ወንድሜ። ሰው ሰብስበው አንዱን ቃል ያሰሙታል፤ ፊቱ ሲጠቁር ሲፈካ ያያሉ፤ ከዚያ ሌላውን ቃል ይሞክራሉ። ፍራንክ ለንትዝ የተባለው የሪፐብሊካኖች አማካሪ የታወቀው በዚህ ሙያ ነው። የውርስ ግብርን «የሞት ግብር» በሉት ብሎ ከመከሩት አንዱ እሱ ነው። አምና ስለ ቤትህ ስትጨነቅ፣ «ስሞት መንግሥት ከልጆቼ ላይ ይወስደዋል» ያልከኝ ትዝ አለህ? በዚህ በ2026 አንድ ሰው ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትቶ ካልሞተ የፌዴራሉ የውርስ ግብር አይነካውም። ያንተ ቤት ደግሞ ገና የባንክ ነው። ለማታውቀው ሀብታም ስትል እንቅልፍ አጥተህ ነበር፣ አካሌ።

ከሁሉ የማይረሳኝ የኬንታኪው ነው። የኦባማ የጤና ሕግ ሲወጣ ኬንታኪ የራሷን የኢንሹራንስ ገበያ ከፈተችና «ካይኔክት» አለችው። ገበያው የቆመው በዚያው ሕግ ነው። በሜይ 2014 የግዛቲቱን መራጮች ጠየቋቸው። «ኦባማኬር»ን እንደማይወዱት የተናገሩት ከመቶ 57 ነበሩ። «ካይኔክት»ን እንደማይወዱት የተናገሩት 22 ብቻ። በእርግጥ ካይኔክትን ጭራሽ ያልሰሙም ነበሩ። ቢሆንም አስበው። ልጁን በአንዱ ስም እያሳከመ በሌላው ስም የሚረግም አባት እዚያ ውስጥ አይጠፋም። ሰው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ድካም አለ፣ ኑሮ አለ። ሮጦ የሚያድር ሰው ቃሉን ፈትቶ ውስጡን የሚያይበት ጊዜ ከየት ያመጣል? አንተስ ከየት ታመጣለህ? በቀን 12 ሰዓት እየነዳህ።

በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የኛ የምላቸውም ስም ያወጣሉ። ዴሞክራቱ ሴናተር ዲክ ደርቢን በ2018፣ ይህ የሰንሰለት ቃል አያቶቻቸው በሰንሰለት ታስረው ለመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ያማል ብሎ ለፕሬዚዳንቱ መንገሩን ተናገረ። እውነቱን ነው። ግን እሱ ራሱ በ2010 ቃሉን ተጠቅሞበት ነበር፤ ተቃዋሚዎቹም አላለፉትም። እኔ ማንን ምረጥ አልልህም። ካርዱ ያንተ ነው።

የምፈራው ሌላ ነው። አንተ ሕፃን ነበርክ። እኔ ግን በኛ አቆጣጠር በ1970 የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሬዲዮኑ «ተገደሉ» አይልም ነበር። «እርምጃ ተወሰደባቸው» ይል ነበር። «አናርኪስት» ይል ነበር። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ጎረቤቶቻችን ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አብረውን እንጀራ የቆረሱ ናቸው። ግን ወንድም ጋሼን ባጣን በሳምንቱ ከነሱ አንዷ፣ ያቺ አንተን ያዘለችህ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እርምጃ ተወስዶበት ነው አሉ» ስትል ሰማኋት። እማዬ ከጓዳ ወጣች። ለቅሶ ተከልክሏል፣ ድንኳን የለም፣ ነጠላዋን እንኳ አልዘቀዘቀችም። «ልጄን ገደሉት በይ!» አለቻት። «በቤቴ ውስጥ እንደሱ አይባልም፤ ገደሉት በይ!» ሴትዮዋ እግሯ ላይ ወድቃ አለቀሰች። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ልጅ የሞተ አልመሰላትም ነበር። ቃሉ ሸፍኖባት ነበር።

ይህ አገር ያ አይደለም፤ አውቃለሁ። አላመሳሰልኩትም። ግን የእማዬን ድምፅ እንዳትረሳብኝ። እኔ ካረጀሁ የምትይዘው አንተ ነህ።

አምና መሐላ ፈጽመሃል። በኖቬምበር ለመጀመሪያ ጊዜ ትመርጣለህ። ኮሎራዶ ካርዱን በፖስታ እስከ ቤትህ ድረስ ይልክልሃል፤ መታደል ነው። ጠረጴዛህ ላይ ዘርግተው። አትቸኩል። በናንተ ሕገ መንግሥት ውስጥ በ1992 የገባ አንቀጽ አለ፤ የግብር ከፋዩ የመብት ሰነድ ይሉታል። ግብር የሚጨምር ጥያቄ ሁሉ «ግብር በዚህን ያህል ዶላር ይጨመር ወይ?» ብሎ እንዲጀምር ያዛል። ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ይሁን ለመንገድ የምታገኘው ወደ ታች ስትወርድ ነው። በ2021 ደግሞ የሌላው ወገን ሰዎች ሕግ አወጡ፤ ግብር የሚቀንስ ጥያቄም የትኛው አገልግሎት ገንዘብ እንደሚጎድልበት መናገር አለበት ተባለ። ሁለቱም የሚሻሙት የመጀመሪያዋን መስመር ነው። ሰው ደክሞት እዚያ ላይ እንደሚያቆም ያውቃሉ። አንተ አታቁም፣ ሆዴ። እስከ ታች ውረድ። ያልገባህን ከትልቋ ልጅህ ጋር አንብበው፤ ከዚያ በአማርኛ ንገራት። እኔ ሥራ ላይ አንድ ቃል ሲያጠራጥረኝ የማደርገው እንደዚያ ነው። በአማርኛ ለእማዬ ብነግራት ምን ብዬ ነው የምነግራት እላለሁ። ሬዲዮውንም አንዳንዴ አጥፋው። መዝሙር ክፈት፣ ጥላሁንን ክፈት።

አንድ ነገር ልንገርህና ልጨርስ። ለታናሿ እህታችን በ2012 ያስገባሁት ማመልከቻ አሁንም ወረፋ ላይ ነው። ትናንት ደውላ ነበር። እንደ እማዬ «ጠሩኝ ወይ?» አለችኝ፤ ድምጿ ቁርጥ እማዬን። አንተ ያልከውን አልነገርኳትም። አልነግራትምም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የድሮውን የፎርምህን ግልባጭ አስገብቼልሃለሁ። ወረቀቱ ደብዝዟል። መጀመሪያው ገጽ ላይ ለማን እንደምታመለክት የምትመርጥበት ቦታ አለ፤ ሳጥን ሳጥን ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ የነካሁትን ሳጥን እየው። አጠገቡ «ወንድም/እህት» ይላል። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምልክቱ ከሳጥኑ ወጥቷል።

ልጆቹን ሳምልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ አንሣልኝ።

እህትህ
ሲልቨር ስፕሪንግ