ከመቀመጥዎ በፊት ዋጋውን ያንብቡ

አንባቢ ሆይ፤ በተቆጠረ የውሎ አበል ወይም በተማሪ ኪስ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ ከሆነ፥ ከሐውልቱና ከቤተ መዘክሩ አስቀድሞ የሚያስጨንቅዎ የምግብ ቤት ሂሳብ ነው። የየአገሩን ልማድ ማወቅ ይበጃል።

ፓሪስ ቀላል ናት። በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የምግቡ ዝርዝር ከነዋጋው ተሰቅሎ ይታያል፤ ይህም የባለቤቱ ደግነት ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው ደንብ መሠረት የተጻፈው ዋጋ ግብሩንም የአሳላፊውንም አገልግሎት የጠቀለለ መሆን አለበት። 20 ዩሮ የተባለ ምሳ ሲከፈልም 20 ዩሮ ነው። ጉርሻ መስጠት የፈለገ ጥቂት ሳንቲም ትቶ ይሄዳል፤ ያልሰጠም አይገላመጥም። ምግብ ላዘዘ ሰው ዳቦና የቧንቧ ውሃ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይቀርባል። ነገር ግን «ውሃ» ብቻ ያሉ እንደሆነ አሳላፊው የታሸገውን ይዞ ከተፍ ሊል ይችላልና፥ «ካራፍ ዶ» ይበሉት።

የሮማ ነገር ረቀቅ ይላል። ቡናውን ባንኮኒው አጠገብ ቆመው ቢጠጡ አንድ ዋጋ፥ ያንኑ ስኒ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ቢጠጡ ሌላ ዋጋ ነው፤ በታላላቆቹ አደባባዮች ዳርማ እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። የአገሬው ሰው የጧት ቡናውን ቆሞ ፉት ብሎ ወደ ሥራው ይሮጣል። እርስዎም እንደሱ ያድርጉ።

ለራት ሲቀመጡ ደግሞ «ኮፔርቶ» የሚባል አለ፤ ለጠረጴዛ ልብሱ፥ ለሹካና ለማንኪያው፥ ለዳቦውም በያንዳንዱ ሰው ልክ የሚታሰብ ገንዘብ ነው። ይህ ለቤቱ እንጂ ለአሳላፊው የሚደርስ አይደለም። ሮማ የምትገኝበት የላትሲዮ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሎታል፤ ልማድ ግን በአዋጅ ቶሎ አይሞትምና፥ «ዳቦ» በሚል ስም ተመልሶ ሂሳቡ ውስጥ የሚገባበት ቤት አለ። ዳቦውን ካልፈለጉ ሳይነኩት ይመልሱት። በሌላው የኢጣልያ ክፍል ኮፔርቶ የተለመደ ስለሆነ ከዝርዝሩ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ይፈልጉት። እንደኔ አስተያየት፥ ክፍያው ሳይሆን ከበሉ በኋላ መስማቱ ነው የሚያስከፋው።

በሎንዶን ብዙ ቤቶች ከሂሳቡ ግርጌ ለአገልግሎት ከመቶ 12.5 ይጨምራሉ። ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ተቀናሽ ሳይደረግበት ለሠራተኞቹ እንዲደርስ በሕግ ታዟል። «በፈቃድ» የሚል ቃል ከአጠገቡ ካለና መስተንግዶው ካላስደሰተዎ፥ «ይነሣልኝ» ማለት መብትዎ ነው። ካስደሰተዎ ግን ይክፈሉት፤ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም መተው አያስፈልግዎትም።