መብራቱና ጢሱ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መካነ ሰላም ሄጄ ሳለ የአጎቴ አሮጌ ላንድሮቨር መብራቱ እየደበዘዘ አስቸገረ። እኔም የሥነ ጽሑፍ ተማሪነቴን ረስቼ ካቻቪቴ ጨበጥሁ። ከ1967 (እ.ኤ.አ.) በፊት በተሠሩት ብዙዎቹ ላንድሮቨሮች ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ነው፤ አጎቴ ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ገመዱን ገልብጬ ዲናሞውን ባበላሸሁ ነበር። የዛገውን ማሰሪያ ፍቄ ሳጠብቀው መብራቱ ቦግ አለ፤ እኔም ኮራሁ።

«ማርሚታውስ?» አሉኝ አጎቴ። «እሱ ጩኸት ብቻ ነው» ብዬ ተውሁት። ማርሚታ በጣሊያንኛ ድስት ማለት መሆኑን ለማስረዳት ግን ጊዜ አላጣሁም።

በማግሥቱ አያቴን ይዘን ወደ አቀስታ ስንጓዝ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ዘጋን። ሽታውን የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው ብለን ናቅነው። ጥቂት እንደ ሄድን አያቴ ራሳቸውን ይዘው አቃሰቱ፤ ቀጥሎም አንገታቸው ዘንበል አለ። አውርደን ነፋስ ስናስመታቸው ነፍሳቸው ተመለሰች። ለካስ ከተቀደደው ቧንቧ የወጣው ጢስ በወለሉ ሽንቁር ይገባ ኖሯል። በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል።

ቧንቧው ተበየደ፤ አያቴም «ዕድሜ ለነፋሱ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ወዳጆቼ ሆይ፥ ሰው የሚያየውን መብራት አሳምሬ፥ ሰው የማያየውን መርዝ ንቄ አልፌው ነበርና።