ክፍት ዓለም ጌሞችና የእኛ ሰዓት



ዶርም ውስጥ ስለ ጌም ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ «ሐራም ነው» እና «ምን ችግር አለው?» ተባብሎ ያልቃል። ፈትዋው የዑለማዎች ነው፤ እሱ ውስጥ አልገባም። እኔ የምጽፈው እንደ ተጫዋችና እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለማውቀው ነው፤ በተለይም ወደ ፈለጉበት ስለሚኬድበትና ካርታው ሰፊ ስለሆነው፣ «ኦፕን ወርልድ» ስለሚባለው የጌም ዓይነት።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚዘወተረው ኳስ ነው። ኦፕን ወርልድ ግን በፍላሽ ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ይዞራል። ብዙዎቻችን የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ሳን አንድሪያስ» ነው፤ ሦስት ከተማ፣ በረሃና ተራራ በአንድ ካርታ። የፕሌይስቴሽን 2 ዋና ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ሩቁን ሁሉ መሳል አይቻልም፤ ስለዚህ በጭጋግ ተሸፈነ። በ2021 ጌሙ ታድሶ ሲወጣ ጭጋጉ ሳሳና ሩቅ የመሰሉን ከተሞች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ታዩ። ሐረጎን በጉም የወጣ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ጉም ያጠረውን መንገድ ያረዝማል። ብልሃቱ ያስደንቃል። ሥራው ግን ዘረፋና ግድያ ነው፤ ያንን ማሳመር አይቻልም።

ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው «አሳሲንስ ክሪድ» ነው። በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል በ1191 ይጀምራል፤ የሰላሑዲን ዘመን ነው። ደማስቆ፣ አካና ቁድስ አሉበት፤ የበኒ ኡመያ መስጊድም አለ። በመንገዱ ስትሄዱ አዛን ትሰማላችሁ። ፊልም ላይ ሙስሊም ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ በምን መልክ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሚናራው ለጌሙ መሰላል ነው፤ አካባቢውን ለመቃኘት ይወጡበታል፣ ከዚያ ይዘላሉ። ቡድኑ የሚመራበት መፈክርም ሐቅንም ሐራምንም የሚክድ ነው። የታሪኩ መነሻ ከሆኑት አንዱ አንድ ስሎቬንያዊ በ1938 ያሳተመው «አላሙት» የተባለ ልቦለድ ነው። ከታሪክ ኪታብ የመጣ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ይወቅ። ተልዕኮዎቹም ይደጋገማሉ፤ ሰላይ መስማት፣ ኪስ ማውለቅ፣ መግደል፤ በሌላ ከተማ እንደገና።

በ2023 የወጣው «ሚራዥ» ደግሞ ባግዳድን ሠራ፤ ኸሊፋው አል-መንሱር በ762 የመሠረቱትን ክብ ከተማ። አራቱ በሮች፣ ገበያው፣ በይቱል ሒክማ፣ ሁሉም አለ፤ በዐረብኛም ሊጫወቱት ይቻላል። የብዙዎቻችን ላፕቶፕ አይሸከመውም እንጂ ማየት የሚገባ ነው። እኛ ባግዳድን የምናውቀው ከቂርኣት ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ከተማዋ ብዙም አይነግረንም፤ መድረሳ ውስጥ ግን የኢማሙ አቡ ሐኒፋ፣ የኢማሙ ሻፊዒይና የኢማሙ አሕመድ ስም ሲነሳ እሷም ትነሳለች። ጌሙ የሚጀምረው በ861 ነው፤ ኢማሙ አሕመድ እዚያው ባግዳድ ካረፉ ገና 6 ዓመት መሆኑ ነው። አል-ኸዋሪዝሚም የኖሩት በዚያው ክፍለ ዘመን ነው፤ ጌሙ ራሱ የሚሠራበት «አልጎሪዝም» ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ከተማ ተሠርቶ ተጫዋቹ የሚሰጠው ሥራ አሁንም ሰይፍ መያዝ ነው። ዒልም ጌጥ ሆነ፣ ግድያ ሥራ ሆነ።

ለምንድን ነው እነዚህ ጌሞች ተሟልተው የማይወጡት? መልሱ የምህንድስና ነው። 10 ሰው፣ 10 ቦታና 10 ሁኔታ ካለ መፈተሽ ያለበት 1,000 ነው፤ ነጻነት በጨመረ ቁጥር ስህተቱም ይባዛል። «ሳይበርፐንክ 2077» በታኅሣሥ 2020 ወጥቶ በሳምንት ገደማ ከፕሌይስቴሽን መደብር ተነሳ፤ የተመለሰው በስድስት ወሩ ነው። በ2016 የወጣው «ኖ ማንስ ስካይ» ከ18 ኩንቲሊዮን በላይ ፕላኔት ይዞ ቢመጣም ባዶ ነው ተብሎ ተወቀሰ፤ ሠሪዎቹ ግን ሳይሸሹ በነጻ እያሻሻሉ ዓመታት ሠሩበት። ሥራን ማሟላት፣ ኢትቃን የምንለው፣ እዚህ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ እኛ። የኳስ ጌም ጨዋታው ያልቃል፤ ፊሽካ አለው። ኦፕን ወርልድ ፊሽካ የለውም። «ይህችን ብቻ» እያላችሁ በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለችው አጭር ጊዜ ታልፋለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰው ከሚከስርባቸው ጸጋዎች መካከል ትርፍ ጊዜን ከጤና ጋር ቆጥረውታል። እኔ የምከተለው ቀላል ነው፤ ከዒሻ በኋላ ብቻ፣ ስልክ ላይ ሰዓት ሞልቼ፣ ፈተና ሲቃረብ ጭራሽ የለም። የማይመጥነው ሰው ቢተወው ይሻለዋል።

ሌላው ጥያቄ ለእኛ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች ነው። ደማስቆንና ባግዳድን ሌሎች ሠሩልን፤ በራሳቸው ዓይን። የወሎ ደረሳ ስንቁን ይዞ ከሸኽ ወደ ሸኽ፣ ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ እያለ በእግሩ የተጓዘበትን ካርታ ማን ይሥራው? ተልዕኮው ግድያ አይደለም፤ ኪታብ መጨረስ ነው። ከትልልቆቹ ውድቀት የምንማረው ደግሞ ከትንሽ መጀመርን ነው። ከተማ አንሥራ፤ አንድ መስጊድ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሸኽ፣ ግን የተሟላ። ሞዴሊንግ የሚችል፣ ኮድ የሚጽፍ፣ የሸኾቹን ታሪክ ከአባቶች የሰማ ካለ፣ ከጁሙዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ እንገናኝ፤ ኢንሻአላህ።