ብጉሩ ሄዶ ጥቁረቱ ሲቀር

መድኃኒት ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ብጉር ከሚጠየቀው ይልቅ ብጉሩ ጥሎት ስለሚሄደው ጥቁር ምልክት የሚጠየቀው ይበዛል። "ብጉሩስ ጠፍቶልኛል፣ ይሄ ግን አልሄድ አለኝ" ትላለች አንዷ፣ ጉንጯን ወደ መብራቱ አዙራ። ሌላዋ ከወለደች ወዲህ ግንባሯና ጉንጯ ላይ የወጣውን ማድያት በሻርፕ ሸፍና ትመጣለች። ወንዶቹ ደግሞ ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጺማቸውን ከተላጩ በኋላ አንገታቸው ላይ ስለሚቀረው ጥቁር ጥቁር ነገር ይጠይቃሉ። ባንኮኒ ላይ ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። እባካችሁ ታገሡኝ።

ሁላችንም ቆዳችን ውስጥ ቀለም የሚያመርቱ ሴሎች አሉን። ሜላኖሳይት ይባላሉ። ቁጥራቸው በነጭ ሰውና በጥቁር ሰው ብዙም አይለያይም፤ የሚለየው የሚያመርቱት የሜላኒን መጠን፣ ዓይነትና አቀማመጥ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ እነዚህ ሴሎች ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ፈጥነው ቀለም ይረጫሉ። ያስቆጣው ነገር ብጉር ሊሆን ይችላል፣ የትንኝ ንክሻ፣ ችፌ፣ የዘይት ፍንጣሪ ሊሆን ይችላል። ምች ከንፈር ላይ ወጥቶ፣ ዳማከሴ ታሽቶበት፣ ቅርፊቱ ከወደቀ በኋላ የሚቀረውን ጥላ የማያውቅ የለም። ቁስሉ ድኗል፤ የተረጨው ቀለም ግን እዚያው ነው። ላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ከተቀመጠ ቡናማ ይመስላል፣ ቆዳ ራሱን ሲያድስ በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። ወደ ታችኛው ሽፋን ከወረደ ግን ወደ ግራጫ ይጠጋል፤ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

እንግዲህ ቆዳችን ሲቆጣ የሚጠቁር ከሆነ፣ ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ብለን የምናቃጥለው፣ የምንፍቀውና የምንልጠው ሁሉ ሌላ ጥቁረት ይጨምርልናል። በዚህ ሥራ ላይ ቆሜ ካየሁት ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው ፊቱን በስኳርና በጨው እስኪቀላ ይፈትጋል። ብጉር ላይ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ ያድራል። ሎሚ ቆርጦ ጉንጩን ያሽና ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። በሎሚ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳን ውኃ እስኪቋጥር ድረስ ሊያቃጥል ይችላል፤ ከዚያ የሚቀረው ጥቁረት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። እርድና ማር የምትቀቡትን አልከራከራችሁም፣ ካልቆጠቆጣችሁ ተቀቡት፤ ማድያት ያጠፋል ብላችሁ ግን ወራት አታባክኑ።

ከሎሚውም በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጉዳይ አለ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ታጥፎ የተጨመቀ ቱቦ አወጣች። ጽሑፉ ተፋፍቆ የቀሩት ጥቂት ፊደላት ናቸው፤ ግን ይበቁኛል፣ ክሎቤታሶል ነው። "ዶክተርዬ፣ ይቺ አለችሽ? ካቆምኳት ፊቴ ይነድብኛል" አለችኝ። ቀረብ ብዬ አየኋት። የጉንጯ ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ ቀጫጭን ቀያይ የደም ሥሮች በግልጽ ይታያሉ። አፏ ዙሪያ መጠናቸው እኩል የሆነ ጥቃቅን ብጉር ተደርድሯል። ጆሮ ግንዷ አካባቢ ድሮ አልነበረም ያለችኝ ለስላሳ ፀጉር በቅሏል። ፊቷ ገርጥቶ፣ የእጇ ጣቶች መገጣጠሚያ ግን እንደ ጥንቱ ጠቁሮ ቀርቷል። "ማን አዘዘልሽ?" ስላት "ጓደኛዬ ናት፣ እሷን ስላጠራላት" አለች።

ክሎቤታሶል በቦታው ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው። ለጠና ችፌና ለሶሪያሲስ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ። ከሚቀቡት የስቴሮይድ ቅባቶች በጥንካሬው ከፍተኛው መደብ ውስጥ ያለ ስለሆነ ፊት ላይ ለወራት የሚቀባ አይደለም። ፊትን የሚያቀላው ደግሞ በጎንዮሽ ጉዳቱ ነው፤ የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ቀለም አምራች ሴሎችንም ያደክማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ብጉሩ ይደርቃል፣ ፊት ይፈካል፣ ጎረቤት "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ቆይቶ ቆዳው ይሳሳል፣ ብጉሩ በሌላ መልክ ይመለሳል፣ ለማቆም ሲሞከር ፊት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ሰውም ችግሩ ክሬሙን ማቆሙ ነው ብሎ ያስብና ተመልሶ ይቀባዋል። ቋቁቻ ወይም ጭርት ላይ ከተቀባማ ማሳከኩን ብቻ ያስታግስና ፈንገሱ ተደብቆ ይስፋፋል።

ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬ ይህን አንብባችሁ በድንጋጤ ቱቦውን አትወርውሩ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ በምን ዓይነት መንገድ እየቀነሳችሁ እንደምታቆሙ የሚወስነው እሱ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት፣ ደሴ አካባቢ ላላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለ። ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀውንም ጭምር። እዚያ ያሉት ሐኪሞች ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምተውታልና አትፈሩ።

በባዶ የክሬም ዕቃ ተሞልቶ፣ ስም ሳይጻፍበት፣ ዋጋው በውስጥ መስመር የሚነገረው ቅይጥ ደግሞ የባሰ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ስለሆነ ብቻ "ኦርጅናል ነው" ብሎ ማመንም አያዋጣም። በዓለም ገበያ ከሚዘዋወሩት ማቅያ ክሬሞች ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ ከእናት እጅና ፊት ወደምታቅፈው ሕፃንም ይሻገራል። ስለ ሜርኩሪ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት መሠረት ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱ ተወስኖ ነበር፤ ገበያው ግን ስምምነት አያነብም።

ስለ ሃይድሮኪኖን ብዙ ስለምትጠይቁኝ ታሪኩን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ ክሊግማን እና ዊሊስ የተባሉ ሐኪሞች ሃይድሮኪኖንን ከትሬቲኖይንና ከስቴሮይድ ጋር ቀላቅለው ጥቁረትን የሚያስለቅቅ ቅባት አስተዋወቁ። የቆዳ ሐኪሞች ዛሬም ማድያትን የሚያክሙበት ባለ ሦስት ቅልቅል የመጣው ከዚያ ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፊንድሌይና ባልደረቦቹ ሃይድሮኪኖን ያለባቸውን ማቅያ ክሬሞች ለዓመታት የተቀቡ ሰዎች ፊታቸው ላይ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ፣ እየሻከረ የሚሄድ ጉዳት እንደደረሰባቸው ጻፉ። ኦክሮኖሲስ ይባላል፤ አንዴ ከመጣ ማስለቀቁ እጅግ ከባድ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ውስጥ አገደች። ያው ንጥረ ነገር ነው። ሐኪም እያየው ለተወሰኑ ወራት፣ ምልክቱ ላይ ብቻ ሲቀባ መድኃኒት ነው፤ ፊትና አንገትን አዳርሶ፣ ፀሐይ ሳይከለሉ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲቀባ ደግሞ ያ የደቡብ አፍሪካው ጉዳት ይመጣል።

"እኔ ጥቁር ነኝ፣ ፀሐይ ምን ያደርገኛል?" የምትሉም አላችሁ። ቆዳችን ከቃጠሎና ከቆዳ ካንሰር በመጠኑ ይጠብቀናል፣ እውነት ነው። ከጥቁር ምልክት ግን አይጠብቀንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል እንጂ እየመታን ነው። በዚያ ላይ በዓይን የምናየው ተራው ብርሃንም የኛን ዓይነት ቆዳ ያጠቁራል። ሳንስክሪን ላይ የምታዩት ኤስፒኤፍ የሚባለው ቁጥር ይህን አይለካም። ለዚህ የሚረዳው አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ሳንስክሪን ነው። እንደ ነጩ ፊትን አመድ አያስመስልም፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ይጠቅመናል። 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ምረጡ፤ ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት ልክ አውጡ፣ ውጭ ከዋላችሁ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንዱን ቱቦ አንስተው ዋጋውን አይተው ቀስ አድርገው የሚመልሱትን በየቀኑ አያለሁ። መግዛት ካልቻላችሁ ሰፊ ባርኔጣና ጥላ ያዙ፣ ከቀትር ፀሐይ ሽሹ፣ ታክሲ ስትጠብቁ ጥላ ሥር ቁሙ። ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋልና ድርብ አድርጉት። ለክሬም የምታወጡት ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ሳንስክሪኑን ግዙ፤ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ውኃ እንደመቅዳትና እንደማፍሰስ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ለኛ ቆዳ ከሚስማሙት ውስጥ እኔ የምወደው አዘላይክ አሲድ ነው፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያለው። ብጉሩንም ጥቁረቱንም ይይዛል፤ ለነፍሰ ጡርም የሚፈቀድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሊያሳክክ ይችላልና በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጀምራችሁ ጨምሩ። ኒያሲናማይድ ከ4 እስከ 5 በመቶ ያለው ለስላሳ ነው፣ ብዙ ሰው ይቀበለዋል። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን ቆዳው ቶሎ እንዲታደስ ያደርጋሉ፤ ያረገዘችና ለማርገዝ ያሰበች ግን አትነካቸውም። ሁሉንም ባንድ ሳምንት አትጀምሩ። ፊታችሁ ከተቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው አታውቁም፤ መቆጣቱም ራሱ ያጠቁራችኋል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ "አልሠራም" ማለት አይቻልም። በሰባት ቀን ውጤት የሚያሳይ ክሬም ካጋጠማችሁ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ።

ማድያት ከብጉር ምልክት ይለያል። እርግዝና፣ አንዳንድ ሆርሞን ያለባቸው የወሊድ መከላከያዎች፣ የዘር ሁኔታና ብርሃን ይቀሰቅሱታል፤ ሙቀትም እንደሚያባብሰው ሐኪሞች ይናገራሉ። ምጣድ ላይ ለረጅም ሰዓት እንጀራ የምትጋግሩ እናቶች ይህን እወቁት። ማድያት ይፈካል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከለቀቀም በኋላ መከላከሉ ይቀጥላል። የወሊድ መከላከያውን በራሳችሁ ከማቆማችሁ በፊት የሰጣችሁን ባለሙያ አማክሩ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን እንክብል ሐኪሞች ለማድያት ያዝዙታል፤ ደም መርጋት ያጋጠመው ሰው ግን ሊወስደው አይገባምና ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡት። ሌዘርም በማያውቅ እጅ የኛን ቆዳ አጥቁሮ ይለቀዋል።

ፈጽሞ ክሬም የማይገባው ጥቁረትም አለ። የልጅ አንገት ኋላውና ብብቱ ጠቁሮ፣ ወፈር ብሎ፣ ከፈይ ሲመስል "ታጠብ" ብለን እንቆጣለን። እድፍ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ መጠቀም እንደከበደው የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የሚያስፈልገውም የስኳር ምርመራ ነው። እንዲሁም ቆዳ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ቅባት አትፈልጉለት፣ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

እና ደግሞ ሰላምታችን። "ጠቆርሽ እኮ፣ ምን ሆነሽ ነው?" እንላለን፣ በፍቅር። የምታገባ ልጅ ካለች ዘመድ ሁሉ ስለ ፊቷ አስተያየት ይሰጣል። እኔ መድኃኒት የምሸጥ ሰው ነኝ፤ ጠባሳዋ የሚያሳስባትን ልጅ "ይህማ ምንም አይደል" ብዬ አልሸኛትም፤ ምልክቱ ይታከማል፣ እሷም መታከም መብቷ ነው። ጠይምነቷን እንዳክምላት ስትጠይቀኝ ግን የምሸጥላት ነገር የለኝም፣ አይኖረኝምም። ባለፈው አንዲት እናት የ15 ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ "እህቴ፣ እባክሽ ፊቷን አጥሪልኝ፣ ቀይ ነበረች እኮ" ስትለኝ ልጅቷ መሬት መሬት ታይ ነበር። ጉንጯ ላይ ያልዳነ ብጉር ነበር፣ በጥፍር የተነካካ። ለእናትየው የነገርኳት ይህን ነው፦ ብጉሩ እያለ ጥቁረቱን ማከም አይቻልም፣ በመጀመሪያ ብጉሩን እናስቁም። 2.5 በመቶ የሆነ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጄል ሰጠኋት፤ የትራስ ጨርቅና የነጠላ ጥለት ቀለም ስለሚያስለቅቅ እንዲጠነቀቁ ነገርኳቸው። ለስላሳ የፊት መታጠቢያና ሳንስክሪን ጨመርኩ። ፊቷን በቀን ሁለቴ ብቻ እንድትታጠብ፣ በጥፍሯ እንዳትነካ፣ ቤት ውስጥም ስለ ፊቷ ማንም እንዳይናገራት ጠየቅኩ። እናትየው "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" አለችኝ። ለብጉሩ ሦስት ወር፣ ለጥቁረቱ ከዚያ በላይ፣ ምናልባትም እስከ መስከረም አልኳት። ልጅቷ ያኔ ቀና ብላ ሳንስክሪኑን ትምህርት ቤት ይዛ መሄድ ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይዘሽ ሂጂ፣ የምሳ ሰዓት ላይ ድገሚው አልኳት።